ሐረር ላይ አሮጌ ፔጆ ሲገዙ፦ ከሊብሬው እስከ ስም ዝውውሩ

ፈረስ መጋላ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404ዎች ያየ ሰው አንዷን የራሱ ማድረግ ቢያምረው አይፈረድበትም። ባጃጅ ገበያቸውን ቢሻማም ከሸዋ በር የጫት ማዳበሪያና አምስት ሰው አንድ ላይ ጭኖ የሚነሳ ሌላ ምን አለ? ነገር ግን ይህቺ መኪና ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ የቤት መኪናዋ ምርትም እዚያው በ1975 ቆሟል። ዕድሜዋ ይህን ያህል ከሆነ ሞተሯ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቀይሯል ብሎ መነሳት ይሻላል። ሽያጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፤ መኪናዋ ትነዳለች፣ በዋጋው ተስማምተዋል፣ ስም ሊዛወር ሲባል ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ የለም።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ሊብሬውን፣ ማለትም የባለቤትነት መታወቂያ ደብተሩን፣ ይጠይቁ። ፎቶ ኮፒ ካመጡልዎ ዋናው የት እንዳለ ይጠይቁ። «ባንክ ነው» ከተባለ መኪናዋ የብድር ዋስትና ሆና ተይዛለች ማለት ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ ባንኩ እስኪለቃት ድረስ ቀብድ አይስጡ። ደላላው «ነገ ይወጣል» ቢልም አይቸኩሉ፣ ነገ ሲወጣ ይከፍላሉ።

ቀጥሎ ኮፈኑን ያስከፍቱ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በአርባና በሃምሳ ዓመት ግራሶና አቧራ ተሸፍኖ ስለሚገኝ ቤንዚን የነካ ጨርቅና የሽቦ ብሩሽ ይያዙ። ብረቱ ከጠራ በኋላ ጠመኔ ይፈትጉበትና በጣትዎ ይጥረጉት፤ ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ስለሚቀር ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። 3ና 8፣ 1ና 7 እንዳይምታቱ ፎቶ አንስተው አጉልተው ይዩት። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት የተዛባ፣ በዙሪያቸው የብየዳ ወይም የፍሌክስ ምልክት ያለበት፣ ወይም ቀለሙ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ የሆነ ከሆነ ሻይዎን ጠጥተው ይሂዱ። የተፋቀ ሻንሲ በምንም ማመልከቻ አይስተካከልም፤ ጣጣው ከፖሊስ ጋር ነው።

የሞተር ቁጥር አለመመሳሰል ግን ሌላ ነገር ነው፤ መፍትሔ አለው። ሊብሬው የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በአንድ ደብተር ስለያዘ ሞተር የቀየረ ሰው ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ደብተሩን ማስተካከል አለበት። ለዚህም ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ እዚህ የተገዛ ከሆነ ሕጋዊ ደረሰኝ ወይም ውል። ከዚያ ቴክኒሻን አይቶ አዲሱን ቁጥር ያስመዘግባል። ይህን ሥራ ሻጩ ከሽያጩ በፊት ይጨርስ። «ዋጋ ልቀንስልህና አንተ ትጨርሰዋለህ» ከተባሉ እምቢ ይበሉ፤ ወረቀቱ ያለው በሻጩ እጅ ነው፣ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ስልክ የማንሳት ግዴታ የለበትም።

አሁን ሰሌዳውን ይዩ። የሐረሪ ክልል ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ምሥራቅ ሐረርጌ ይከበዋል፣ ድሬዳዋም ሩቅ አይደለችም። በዚህ ምክንያት ሐረር ውስጥ በምትነዳ መኪና ላይ የኦሮሚያ ወይም የድሬዳዋ ሰሌዳ ቢገኝ አይገርምም። ማጣሪያው የሚጠየቀው ፋይሉ ያለበት ቦታ እንጂ መኪናዋ ያለችበት አይደለም። የፍርድ ቤት እግድ፣ የባንክ ዕዳ፣ ያልተከፈለ ቅጣት መኖር አለመኖሩን እዚያው ያረጋግጡ። ኮዱንም አይርሱ፤ ታክሲ ሊሠሩባት ከሆነ ኮድ 1፣ ለቤት ከሆነ ኮድ 2 ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ከሆነች ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል ለእርስዎ አትዛወርም፤ ይህ ለፔጆ ብዙም አያሳስብም፣ ዳያስፖራ ላመጣት ቶዮታ ግን ዋናው ጥያቄ ነው።

ጀጎል ውስጥ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው ፈራሚውን ማግኘት ነው። ሊብሬው በሞቱ አባት ወይም አያት ስም የቀረ መኪና ብዙ ነው። ልጁ ሃያ ዓመት ነድቷት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ብቻውን ሊሸጣት አይችልም። መጀመሪያ ወራሾቹ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ከመደበኛው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ፤ ከዚያ ሁሉም ይፈርማሉ ወይም ይወክላሉ። ቶሮንቶ ያለች እህት ውክልናዋን በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ትሰጣለች፤ ሰነዱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሲመዘገብ ይሠራል። ውክልናው ላይ «መሸጥ» እና «ስም ማዛወር» በግልጽ መጻፋቸውን ይዩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈርም፤ ሊብሬው በባል ስም ብቻ መሆኑ መኪናዋን የግሉ አያደርጋትም። ላጤ ከሆነም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ውክልና ሽያጭ አንድ ነገር ልበል። ግብር ለመሸሽ ብሎ ስም ሳያዛውር በውክልና ብቻ መኪና የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው ያበቃል፣ እርስዎም ከማያውቋቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣሉ። ሻጩም ቢሆን አይተርፍም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፣ መዝገቡም አሁንም የእሱን ስም ይዟል።

ውሉን ክልሉ ውል በሚያረጋግጥበት መሥሪያ ቤት ፊት ይፈርሙ። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 አረጋጋጩ ሻጩ በንብረቱ ላይ መብት እንዳለው ማስረጃ እንዲያይ ያስገድደዋል፤ አንድ ተጨማሪ ዓይን በነፃ አገኙ ማለት ነው። ውሉ ውስጥ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩ ከነ ሰሌዳው፣ እውነተኛው ዋጋ፣ ርክክብ የተደረገበት ቀንና ሰዓት፣ የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ይግቡ። ሰዓቱ የሚጻፈው ከዚያች ደቂቃ በፊት የደረሰ አደጋና ቅጣት የሻጩ እንዲሆን ነው። ዋጋ አሳንሶ ማጻፍም አይጠቅምዎትም፤ ግብሩ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባወጣው ግምት ሊሰላ ይችላል፣ ሽያጩ ከፈረሰ ግን የሚመለስልዎ የተጻፈው ነው። ክፍያውን በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር፣ ከፊርማው ጋር ያድርጉት።

የተረጋገጠውን ውል፣ ዋናውን ሊብሬና መታወቂያዎን ይዘው ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ይሂዱ። ቦሎ ያለፈበት ከሆነ መጀመሪያ ምርመራውን ያሳልፏት። የሦስተኛ ወገን መድኑንም ወደ ስምዎ ያዙሩት። አዲሱ ሊብሬ ሲሰጥዎ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስምዎን ፊደል በፊደል ከመታወቂያዎ ጋር ያስተያዩት፤ «አብዱራህማን» ብለው ገብተው «አብዱልራህማን» ሆነው ከወጡ እዚያው ያስተካክሉት፣ ከዚያ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩን በስልክዎ ካነሱት ፎቶ ጋር አንድ ጊዜ ደግመው ያመሳክሩ።