ምዕራፍ አምስት፦ የሀገር ሀብት በሜክሲኮ አደባባይ

የሀገር ሀብት ማለት በግምጃ ቤት ተቆልፎ የተቀመጠ ወርቅ ወይም በባንክ ካዝና የተከመረ የብር ኖት የሚመስለው ወጣት ቢኖር፣ የምጣኔ ሀብትን ትምህርት ከመጽሐፍ ከመጀመሩ አስቀድሞ አንድ ማለዳ ወደ ልደታ ክፍለ ከተማ ሄዶ በሜክሲኮ አደባባይ ዳር ጥቂት ቢቆም እጅግ ይጠቀማል፤ በዚያ ሥፍራ ባንኩና የቡናና ሻይ ሕንፃው፣ የባቡሩ ሐዲድና የታክሲው ሰልፍ፣ ባለሱቁና ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ተጎራብተው ስለሚውሉ፣ ሊቃውንት በብዙ ጥራዝ የሚያትቱት ነገር ሁሉ በአንድ አደባባይ ዙሪያ ሲሠራ ይታያልና። አደባባዩ በዚህ ስም የተጠራው፣ ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በግፍ በያዘች ጊዜ ወረራውን አናጸድቅም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ስለ ነበረች፣ ለዚያ ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። እኛ ግን የወዳጅነቱን ታሪክ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትተን፣ አንድ ሀገር አደገች የሚባለው ምን ሲሆን ነው ወደሚለው ጥያቄ እንለፍ።

ከቡናው እንጀምር። በአንድ ሕንፃ ደጃፍ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ረከቦቷን ዘርግታ፣ ከሰሉን እያራገበች የምታፈላ ሴት አንድ ሲኒ ቡና በ20 ብር ሸጠች እንበል፤ ይህና ቀጥሎ የሚጠቀሰው ቁጥር ለማስረጃ ያህል የተወሰደ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። በዚያች ሲኒ ውስጥ ለገባው ቡና የጅማው ገበሬ 4 ብር ተቀብሏል፤ ነጋዴው አስፈልፍሎና ጭኖ አዲስ አበባ ካደረሰ በኋላ በ6 ብር ሸጦላታል፤ ለከሰልና ለስኳር ደግሞ 3 ብር አውጥታለች። አሁን የሀገሩን ምርት ልቁጠር የሚል ሰው የገበሬውን 4፣ የነጋዴውን 6፣ የከሰሉንና የስኳሩን 3፣ የሴቲቱንም 20 ብር ደምሮ የ33 ብር ምርት ተገኘ ቢል ታላቅ ስሕተት ይሠራል፤ የገበሬው 4 ብር በነጋዴው 6 ብር ውስጥ፣ የነጋዴውም 6 ብር በሲኒዋ 20 ብር ውስጥ አስቀድሞ ስላለ፣ ያንኑ አንድ የቡና ፍሬ ሦስት ጊዜ ቆጥሮታልና። ትክክለኛው አቆጣጠር እያንዳንዱ እጅ በነገሩ ላይ የጨመረውን ዋጋ ብቻ መደመር ነው፤ ገበሬው 4፣ ነጋዴው 2፣ ከሰሉንና ስኳሩን ያቀረቡት 3፣ ለቅማ፣ ቆልታ፣ ወቅጣና አፍልታ ያቀረበችው ሴት 11፤ ድምሩ 20 ብር ይሆንና ከሲኒዋ ዋጋ ጋር ያለ ጉድለት ይስማማል።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በሀገሪቱ ወሰን ውስጥ፣ በዚህ ዓይነት የተጨመረው ዋጋ ሁሉ ተደምሮ ሲገኝ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ይባላል። አንዱ ያወጣው ገንዘብ ለሌላው ገቢ ስለሆነ፣ የመጨረሻ ገዢዎች በሀገር ውስጥ ለተሠራው ነገር ያወጡትን ሁሉ ወይም የሠራተኛውን ደመወዝ፣ የባለቤቱን ኪራይ፣ የአበዳሪውን ወለድና የነጋዴውን ትርፍ ሁሉ በመደመርም ወደዚያው ድምር ይደረሳል። ይህን የሒሳብ ሥርዓት ካደራጁት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ሳይመን ኩዝኔትስ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን፣ በ1934 እ.ኤ.አ.፣ ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረበው ጽሑፍ፣ የሕዝብን ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ብቻ መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። የማስጠንቀቂያውን እውነተኛነት ለማወቅ ያችኑ ሴት ማታ ወደ ቤቷ መከተል ይበቃል፤ ለባሏ፣ ለልጆቿና ለጎረቤቶቿ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ስታፈላ የገዛችው ቡና በመዝገብ ይቆጠራል፣ የእጇ ሥራ ግን አይቆጠርም፤ ሙያዋ ቀን ከነበረው አልተለወጠም፣ ድካሟም አልቀነሰም፣ የተለወጠው የሲኒው ሒሳብ አለመከፈሉ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ሕፃን አሳድገው የሚያድሩ ብዙ ሚሊዮን ሴቶች ባሉበት ሀገር፣ ተማሪ ሁሉ ይህን ጉድለት በልቡ ይዞ ስለ ዕድገት ቢናገር እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ማስተዋል የሚገባው ነገር የብር ብዛትና የምርት ብዛት አንድ አለመሆናቸው ነው። በአደባባዩ አጠገብ ካለው የቡናና ሻይ ሕንፃ ጋር የሚዛመድ ጥሩ ምሳሌ አለን፤ ኢትዮጵያ በ2016 በጀት ዓመት ወደ 298 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ወደ ውጭ ልካ 1.43 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ስታገኝ፣ በ2017 በጀት ዓመት ወደ 469 ሺህ ቶን ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ያህል አገኘች። ገቢው በ85 በመቶ አደገ ተብሎ ቢነገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በክብደቱ ሲታይ ዕድገቱ 57 በመቶ ነው። የ2017ቱ ቡና በ2016 ዋጋ ቢሸጥ ኖሮ የሚገኘው 2.25 ቢሊዮን ያህል ስለ ነበረ፣ ከ1.22 ቢሊዮኑ ጭማሪ ውስጥ ወደ 820 ሚሊዮኑ ከፍሬው ብዛት፣ 400 ሚሊዮን የሚሆነው ደግሞ፣ በብራዚል በደረሰው ድርቅም ጭምር፣ የዓለም ዋጋ ከመናሩ የመጣ ነው። በወቅቱ ዋጋ የሚቆጠር ምርትና በቋሚ ዋጋ የሚቆጠር ምርት የሚባሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ስለ ዕድገት የሚነገረው እውነተኛ ቁጥር ሁለተኛው ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያው ስለ ለቀቀና ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ቀድሞ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረ ቡና በሕጋዊው በር መውጣት ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ከክብደቱም ጭማሪ ከፊሉ አዲስ ምርት ሳይሆን አዲስ መዝገብ ነው።

ስለ ዋጋ መናር በሌላ ምዕራፍ በሰፊው ስለምንነጋገር እዚህ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በገበያ ያለው እህል፣ ጨርቅና ሲሚንቶ ሳይበዛ የሚዘዋወረው ገንዘብ ቢበዛ፣ ብዙ ብር ጥቂቱን ዕቃ ያሳድዳል፤ መንግሥት የበጀቱን ጉድለት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ በመበደር ሲሞላ የሚደርሰው ይኸው ነው። በ2014 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በደረሰ ጊዜ፣ ደመወዙ በ10 በመቶ የተጨመረለት መምህር በእጁ የያዘው ብር በዝቶ ሳለ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ጤፍ አንሶ ነበር።

ቡናውን ሸጠን ምን ገዛንበት የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ጥልቁ ነገር ያስገባናል፤ በዚህም ላይ ከእኛ አስቀድሞ የተመራመረ የሀገራችን ሊቅ አለ። በበርሊን ተምረው የተመለሱት፣ በድሬዳዋም የጉምሩክ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ቢያርፉም፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው፣ የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ዕውቀትና መሣሪያ የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ሰጥቶ የሠለጠነውን ሕዝብ የእጅ ሥራ ሲቀበል የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም እንደሚለውጥ በአማርኛ አስረድተው ነበር። ይህ አሳብ በሲኒዋ ሒሳብ ሲታይ ፍጹም ግልጽ ነው፤ ከ20 ብሩ 11 ብር የተጨመረው ከመልቀምና ከመቁላት ወዲህ ስለሆነ፣ ቡናችንን አብዛኛውን ጊዜ ጥሬውን ስንልክ ትልቁን ጭማሪ ለገዢው ሀገር ቡና ቆይና ነጋዴ አብረን እንሰጣለን። ቆልቶና አሽጎ መላክ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ የተቆላ ቡና ቶሎ መዓዛውን ያጣል፣ የውጭውም ገበያ በታወቁ ስሞች የተያዘ ነው። ነገር ግን የምርት ዕድገት ብዙ ማሳ በመትከል ብቻ ሳይሆን በዚያው ፍሬ ላይ ብዙ ዕውቀት በመጨመርም እንደሚገኝ ነጋድራሱ ያስተማሩት ትምህርት አልተሻረም።

ወደ ሐዲዱ እንመለስ። በሜክሲኮ ላይ የሚያልፈው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ ከፈጀው 475 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 85 በመቶ የሚሆነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ከሚገኘው ገቢ ከፊሉ ሳይበላ ቀርቶ በመንገድ፣ በመኪናና በግድብ ላይ ሲውል መዋዕለ ንዋይ ይባላል፤ የሀገር ቁጠባ ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ የሌላው ሀገር ቁጠባ በብድር ይመጣል፤ ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ሐዲዱ በተሠራባቸው ዓመታት ከወጪው በሀገር ውስጥ የተሠራው ሥራ ዋጋ በዓመቱ ምርት ላይ ተቆጥሮ የዕድገቱን ቁጥር ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በኋላ ግን ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙ፣ ጠቅላላ የሚባለው ምርት ያረጀውንና የተሰበረውን ሳይቀንስ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ጉዳቱ በዚያ ቁጥር ላይ በቀጥታ አልታየም፤ ጠዋት ጠዋት በጣቢያው በተሰለፈው ሠራተኛ ላይ ግን ታይቷል። የዕቃው እርጅና ተቀንሶለት የሚገኘው የተጣራ ምርት ሲሆን፣ በጋዜጣ ብዙም ባይወሳም ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባው እሱን ነው፤ አዲስ ማስመረቅ እንደሚያስደስተን ያህል ያለውን መጠገን ቢያስደስተን ኖሮ የብዙ ሥራችን ዕድሜ በረዘመ ነበር።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ኢትዮጵያ በዓመት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ዕድገት ማስመዝገቧን የመንግሥት መዛግብትም የዓለም ባንክም ጽፈዋል። 70ን ለዕድገቱ መቶኛ ያካፈለ ሰው ምርቱ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ያገኛል፤ 10 በመቶ ከሆነ 7 ዓመት ነው። ሕዝቡ ግን በየዓመቱ በ2.5 በመቶ ገደማ ስለሚበዛ ለእያንዳንዱ ነፍስ የሚደርሰው ጭማሪ ከ7.5 በመቶ አይበልጥም፤ የሚደርሰው ሲባልም በሒሳብ ነው እንጂ በእጅ አይደለም። ቢሆንም በመንግሥት ቆጠራ በ1988 ዓ.ም. ከሕዝቡ 45.5 በመቶ ከድህነት ወለል በታች ይኖር የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ዝቅ ማለቱ፣ በብዙ ሚሊዮን ቤት እንጀራ መጋገሩን የሚናገር ስለሆነ ሊናቅ አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው መዋዕለ ንዋይ ግን በሰው ላይ የሚውለው ነው። ሀገሪቱ ከጠላት ወረራ በወጣች ማግስት፣ ገና ግምጃ ቤቷ ባዶ ሳለ፣ በ1934 ዓ.ም. የእጅ ሙያ የሚያስተምረውን ተግባረ እድን፣ በ1935 ዓ.ም. የሒሳብ መዝገብ አያያዝን የሚያስተምረውን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት መክፈቷ፣ ሁለቱም ለብዙ ዘመን በዚሁ አደባባይ አካባቢ መቆየታቸው፣ የዚያን ዘመን ሰዎች አስተዋይነት ያሳያል። ከእነዚህ ከአንዱ የወጣ ወጣት የባቡሩን መለዋወጫ በሀገር ውስጥ ቢቀርጽ፣ ከሌላውም የወጣው ዋጋውን አስልቶ ቢያወጣ፣ በዓመቱ መዝገብ ላይ የሚጨመረው የዚያ ብረት የሥራ ዋጋ ብቻ ይሆናል፤ በቡና የተገኘው ዶላር ግን ለመለዋወጫ መግዣ ከመውጣት ተርፎ ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያ ወይም ያንኑ ቡና ለሚቆላ መሣሪያ መግዣ ይሆናል።