ለቤት የሚሆን ዲፕ ፍሪዘር ስለ መምረጥ

በበዓል ሰሞን የቅርጫ ሥጋ ሲከፋፈል፥ ከዕለቱ ምግብ የተረፈው ቀድሞ ቋንጣ ሆኖ ይሰቀል ነበር። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። ከዚህም የተነሣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተውን፥ በተለምዶ ዲፕ ፍሪዘር የምንለውን ሣጥን ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች «የትኛው ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁናል። ነጋዴው ስለ ስፋቱ፥ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ይነግራቸዋል። የጤና መኰንን ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም መብራት ጠፍቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት የቈየ እንደ ሆነ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሥጋ ምን ይሆናል? የሚል ነው።

ይህን ለመመለስ ብርድ የሚሠራውንና የማይሠራውን መለየት ያስፈልጋል። በሽታ የሚያመጡ ረቂቅ ተሕዋስያን በምግብ ላይ እጅግ የሚራቡት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ብርድ መራባታቸውን ያቆማሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አይሞቱም፤ ዝናብ እስኪመጣ በመሬት ውስጥ እንደሚቈይ ዘር ተኝተው ይጠብቃሉ። ሥጋው በረዶውን ለቆ ሲሞቅ ሥራቸውን እንደ ገና ይጀምራሉ። ሳልሞኔላ የተባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ነው፤ የአባ ሰንጋ ዘር ደግሞ ብርድን ከቶ አይፈራም። ስለዚህ ያልተመረመረ ወይም አስቀድሞ የተበላሸ ሥጋ ወደ ፍሪዘር ስለ ገባ ደኅና አይሆንም።

በዚህ ረገድ ለአገራችን ሰው የሚጠቅም አንድ ልዩ ነገር አለ። በበሬ ሥጋ ውስጥ የሚቀመጠው የኮሶ ትል እጭ ብርድን አይችልም። ሥጋው እስከ መካከሉ ድረስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ብርድ ለ10 ቀን ያህል ከቈየ እጩ ይሞታል። ከተራ ፍሪጅ በላይ ያለችው ትንሽ የበረዶ ክፍል ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ብርድ ላይ አትደርስም፤ ደኅና ፍሪዘር ይደርሳል። ይህን ስናገር ጥሬ ሥጋ የሚወዱ ወዳጆቼ «በረዶ የገባ ሥጋ ምን ጣዕም አለው!» እያሉ ይቈጡኛል። እኔም ኮሶ መጠጣት ምን ጣዕም አለው እላቸዋለሁ። ቢሆንም ብርዱ የሚገድለው እጩን እንጂ ከላይ የተናገርናቸውን ባክቴሪያዎች ስላልሆነ፥ ሥጋን በሚገባ አብስሎ መብላት ከሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው ሣጥን በሩ ወደ ጎን ከሚከፈተው ቁም ሣጥን መሰል ፍሪዘር የሚበልጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሙቅ አየር ይከብዳል። ስለዚህ የሣጥኑ ክዳን ሲነሣ ብርዱ በጋን ውስጥ እንዳለ ውኃ ባለበት ይቈያል፤ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ግን ብርዱ በእግራችን ላይ ይፈስሳል። በአንጻሩ ሣጥኑ ብዙ ወለል ይይዛል፤ ከሥሩ የገባውም ዕቃ ይረሳል። በውጭ አገር ስማር ሳለሁ ያከራዩኝ እማማ ከፍሪዘራቸው ሥር እርሳቸውም መቼ እንዳስገቡት የማያውቁትን ዓሣ አውጥተው ለእራት ሊጋብዙኝ ነበር። በየጥቅሉ ላይ ቀኑን መጻፍ የተማርሁት ያን ዕለት ነው።

ስለ መጠኑ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሚሳሳተውም ትልቁን በመግዛት ነው። ለአንድ ሰው ከ40 እስከ 50 ሊትር ቢታሰብ፥ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ከ200 እስከ 250 ሊትር ይበቃል። ትልቁ ሣጥን የሚጎዳው በመብራት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር መብራት ቢጠፋ ብርዱን 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ግማሹ ባዶ የሆነው ግን 24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የደረቀው ሥጋ ራሱ እንደ በረዶ ሆኖ ጎረቤቱን ያቀዘቅዛልና። ስለዚህ ሣጥኑ ያልሞላ እንደ ሆነ ክፍት ቦታውን ውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ይገባል። ውኃው በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላም።

ከዚህ ጋር በዕቃው መግለጫ ላይ አንድ ቍጥር ይፈለግ። ይኸውም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፥ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ምግቡ ከዜሮ በታች 18 ከነበረው ወደ ከዜሮ በታች 9 ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚናገረው ነው። በአንዱ ሣጥን 10 ሰዓት ያህል፥ በሌላው ከ30 ሰዓት በላይ ይሆናል። ልዩነቱ የሚመጣው ከግድግዳው ውፍረት ነው። መብራት በሚቈራረጥበት ሠፈር ለሚኖር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ቍጥር የለም፤ እኔም ከቀለምና ከመብራት ጌጥ ሁሉ ይልቅ ገንዘቤን በዚህ ላይ አወጣለሁ።

ሁለተኛው ቍጥር ሣጥኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ኪሎ ትኩስ ምግብ ወደ በረዶ መለወጥ እንደሚችል የሚገልጸው ነው። አራት ኮከብ የተጻፈበት ፍሪዘር ለዚህ የተሠራ ነው፤ አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፥ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ብቻ ማለት ነው። የቅርጫ ሥጋ እንደ መጣ በአንድ ጊዜ ቢከመር የክምሩ መካከል ለብዙ ሰዓት ሙቅ ሆኖ ይቈያል። የሥጋውም መልክ ይጎዳል። ክላረንስ በርድሳይ የተባለ አሜሪካዊ በ1912 እና በ1915 እ.ኤ.አ. መካከል ዛሬ የካናዳ በሆነው በላብራዶር ሲኖር፥ የአገሩ ሰዎች ያጠመዱት ዓሣ በብርቱው ብርድ ወዲያው እንደሚደርቅና ከወራት በኋላም ጣዕሙ እንዳልጠፋ አየ። ቶሎ የሚደርቅ ሥጋ የሚሠራው የበረዶ ቅንጣት ደቃቅ ስለሚሆን ሥጋውን አይቀድድም፤ ቀስ እያለ የሚደርቀው ግን ትልልቅ ቅንጣት ይሠራል፤ ሲቀልጥም ውኃው ይፈስሳል። ስለዚህ ሥጋው ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ መጠን ተከፍሎ፥ በስሱ ተጠፍጥፎ ይታሰር፤ ከሣጥኑ ግድግዳም ይጠጋ። ከተጻፈው ኪሎ የተረፈው በፍሪጅ አድሮ በማግሥቱ ይግባ።

ሦስተኛው የአየር ጠባይ ምልክት ነው። «ኤን» የሚለው ፊደል ሣጥኑ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፥ «ኤስ ኤን» ከ10 እስከ 32፥ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፥ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ በሆነ ክፍል እንደሚሠራ ያመለክታል። ለደጋ ከተማ ከፊተኞቹ አንዱ ይበቃል። ለድሬዳዋ፥ ለጋምቤላ ወይም ለሰመራ «ቲ» የሌለበትን መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የክዳኑ ጎማ ይፈተን። አንድ ወረቀት በክዳኑ መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ብርዱም በዚያው ይወጣል። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ልላክልህ ቢል፥ የዚያ አገር ዕቃ በ120 ቮልትና በ60 ዑደት የሚሠራ መሆኑን፥ የእኛ ግን 220 ቮልትና 50 ዑደት መሆኑን አስቀድሞ መንገር ይገባል። ስታቢላይዘርም ከሣጥኑ ጋር አብሮ ቢገዛ መልካም ነው።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ክዳኑ ከውስጥ ተገፍቶ የሚከፈት መሆኑን መመልከት አይረሳ። በድብብቆሽ ጨዋታ በማቀዝቀዣ ውስጥ ገብተው ታፍነው የሞቱ ልጆች በመብዛታቸው፥ አሜሪካ በ1956 እ.ኤ.አ. የቤት ማቀዝቀዣዎች ከውስጥ እንዲከፈቱ የሚያዝ ሕግ አውጥታለች። ቍልፍ ያለው ከሆነ ይቈለፍ፤ መክፈቻውም በላዩ ተሰክቶ አይተው። አሮጌ ሣጥን ከደጅ ከመጣሉ በፊት ክዳኑ ይነቀል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ ደግ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቅማጥና ትኵሳት ወደ ያዘው አንድ ቤተ ሰብ ተልኬ ነበር። አባትየው ፍሪዘሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ሥጋው እንደ ድንጋይ ደርቋል። «እንዲህ ያለ ሥጋ ያሳምማል?» አለኝ። ነገሩ ሲጣራ ቤተ ሰቡ ለበዓል ገጠር ወርዶ ሳለ መብራት ጠፍቶ ኖሯል፤ ጎረቤት ሁለት ሌሊት ነው አለ፥ ሌላው ሦስት ነው አለ። ሥጋው ቀልጦ፥ ሞቆ፥ መብራቱ ሲመለስ እንደ ገና ደረቀ። ሲመለሱ ያዩት የደረቀውን ብቻ ነው፤ ከፊሉንም ለክትፎ ለብ አድርገው በሉት። በሽታውን ያመጣው ያ ሥጋ ለመሆኑ የላቦራቶሪ ማስረጃ አልነበረኝም፤ የቀረውን ግን አስጣልሁ። እናትየው ሥጋው ሲጣል ያለቀሰችውን አልረሳም፤ የቅርጫው ዋጋ ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር።

ፍሪዘር የገዛ ሰው ይህን ያድርግ። አንድ ኩባያ ውኃ በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ በረዶ እስኪሆን ይጠብቅ፤ ከዚያም በበረዶው ላይ አንድ ሳንቲም አኑሮ ኩባያውን መልሶ ያስገባው። ከመንገድ ሲመለስ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ምግቡ አልቀለጠም። በበረዶው መካከል ወይም ከሥር ተቀብሮ ከተገኘ ግን ውኃው ቀልጦ እንደ ገና ደርቋል ማለት ነውና፥ ሥጋው ምንም የደረቀና ሽታ የሌለው ቢሆን ይጣል። ባለቤቱ ከቤት ሳለ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ክዳኑ አይነሣ፤ መብራቱ ሲመለስ በሥጋው ውስጥ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ ወይም ቴርሞሜትር ከ4 ዲግሪ በታች ካሳየ መልሶ ማድረቅ ይቻላል፤ ጣዕሙ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ጤናን አይጎዳም።