የአንድ ነገር መሄድና መቆም ከሌላ ነገር ጋራ ተመዝኖ ስለ መታወቁ

የሰው ልጅ በዐይኑ ያየውን ሁሉ እርግጥ አድርጎ ይቀበላል፤ ነገር ግን መሄድንና መቆምን ለመለየት ዐይን ብቻውን የታመነ ዳኛ አይደለም። በባቡር ጣቢያ ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን ቆመው ሳሉ አንደኛው ቀስ ብሎ ሲነሣ፥ በሌላው ውስጥ የተቀመጠው መንገደኛ «ተነሣን» ብሎ ያስባል። ወደ ጣቢያው ግንብ በተመለከተ ጊዜ ግን የርሱ ባቡር ከስፍራው እንዳልተነቃነቀ ይረዳል። እንግዲህ መሄድ ማለት ከሌላ ነገር መራቅ ወይም ወደ ሌላ ነገር መቅረብ ስለ ኾነ፥ «ይህ ነገር ይሄዳል» ከማለት አስቀድሞ «ከምን ጋራ ተመዝኖ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ነገር በየመንደሩ ክርክር ያነሣል። አስተማሪው «ምድር ትዞራለች» ብሎ ባስተማረ ጊዜ ልጁ ወደ ቤቱ ገብቶ የሰማውን ይናገራል። ሽማግሌውም «ምድር ብትዞር ኖሮ ከዛፍ የተነሣች ወፍ ወደ ጎጆዋ እንዴት ትመለስ ነበር? ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይስ እንዴት ከወርዋሪው እግር አጠገብ ይወድቅ ነበር?» ብለው ይመልሱለታል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ በጥንት ዘመን በጥሊሞስን የመሰለ ታላቅ ሊቅ ምድር አትዞርም ብሎ የተከራከረው ይህን በመሰለ ምክንያት ነበር። ስለዚህ አስተማሪው ሽማግሌውን ሳያቃልል፥ ልጁንም ከአባቱ ጋራ ሳያጣላ፥ በማስረጃ መመለስ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ መርከቡና ስለ ድንጋዩ።

የቀድሞ ሰዎች፥ መርከብ ስትሄድ ከምሰሶዋ ጫፍ ላይ ድንጋይ ቢለቀቅ፥ ድንጋዩ በአየር ሳለ መርከቧ ወደ ፊት ስለምታልፍ ከምሰሶው ኋላ ይወድቃል ብለው ያስቡ ነበር። ጋሊሌዎ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1632 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ ተቃወመ። ድንጋዩ ሳይለቀቅ በፊት ከመርከቧ ጋራ አብሮ ይሄድ ስለ ነበረ፥ ከእጅ ሲወጣም ያን የወደ ፊት ጉዞ ይዞት ይወርዳል አለ። በ1640 ዓ.ም. ጋሳንዲ የተባለ የፈረንሳይ ካህንና ሊቅ በማርሴይ ወደብ ነገሩን በሥራ ፈተነው። ብዙ ቀዛፊዎች በፍጥነት በሚያስኬዷት መርከብ ላይ ከምሰሶው ጫፍ ድንጋይ ቢለቀቅ፥ ድንጋዩ ወደ ኋላ ሳይቀር ልክ ከምሰሶው ግርጌ ወደቀ። በመርከቧ ላይ ለነበሩት ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ወደ ፊት እየሄደ ጎብጦ ይወርዳል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ የተለየው መመዘኛቸው ነው።

2ኛ፤ ወደ ኋላ ስለ ተወረወረው ኳስ።

ፍጥነት ይደመራል፥ ይቀነሳልም። በአሜሪካ አገር ለቴሌቪዥን ትርኢት በተደረገ ፈተና፥ አንድ የጭነት መኪና በሰዓት 60 ማይል ማለት 96 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ሳለ፥ ከኋላው ኳስ በዚያው በ60 ማይል ፍጥነት ወደ ኋላ ተተኮሰ። በመኪናው ላይ ላለው ሰው ኳሱ በፍጥነት ይርቃል። በመንገዱ ዳር ለቆመው ግን ኳሱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይል ልክ ከእጅ እንደ ተለቀቀ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ወደቀ። 60 ወደ ፊት፥ 60 ወደ ኋላ፤ ሲቀናነሱ ባዶ ኾኑ።

3ኛ፤ በአየር ላይ ስለ ተሻገረው ሰው።

በ1921 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዌስሊ ሜይ የተባለ ደፋር አሜሪካዊ 5 ጋሎን ቤንዚን በጀርባው ታጥቆ፥ ከሚበር አይሮፕላን ክንፍ ወደ ሌላው የሚበር አይሮፕላን ክንፍ ተሻገረ፤ ቤንዚኑንም ለዚያኛው ቀዳለት። ይህ ለሰሚው የማይቻል ይመስላል። ነገር ግን ሁለት አይሮፕላኖች በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢበሩ፥ አንዱ ከሌላው ጋራ ተመዝኖ እንደ ቆመ ነው፤ ከመቶ ላይ መቶ ሲቀነስ ባዶ ነውና። ያም ኾኖ አየሩ አብሯቸው አይሄድም፤ ስለዚህ ጽኑ ነፋስ ይገፋዋል፥ ከበታቹም ጥልቁ ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1923 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደሮች በዚሁ ሕግ ተመርተው፥ ሰው ሳይሻገር ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው በጎማ ቧንቧ ቤንዚን አወረዱ። ድፍረት የጀመረውን ዕውቀት አቃናው።

አየር በሌለበት ስፍራ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1984 ዓ.ም. የካቲት 7 ቀን ብሩስ ማካንድለስ የተባለ የጠፈር ተጓዥ፥ ቻሌንጀር ከተባለችው መንኰራኵር ያለ አንዳች ገመድ ወጥቶ ወደ 100 ሜትር ያህል ራቀ፤ ከዚያም በጀርባው በተሸከመው መሣሪያ እየተመራ ተመለሰ። እርሱም መንኰራኵሯም በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ምድርን ይዞሩ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ሰው ነበረ። በወጣ ጊዜ ወደ ኋላ ያልቀረው ፍጥነቱን ይዞ ስለ ወጣ ነው።

4ኛ፤ ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ።

አዲስ አበባ ያለበት ምድር ከምድር መዞር የተነሣ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ዛፉ፥ ጎጆው፥ ወፏና አየሩ ግን ሁሉም በአንድነት ይህን ጉዞ ይካፈላሉ። ወፏ ከዛፍ ስትነሣ ከምድር የተቀበለችውን ጉዞ ጥላው አትነሣም፤ የማርሴዩ ድንጋይም የመርከቧን ጉዞ ጥሎ እንዳልወደቀ። ሰው መዞሩ የማይሰማው ፍጥነቱ ስለማይጨምርና ስለማይቀንስ፥ አቅጣጫውም እጅግ በዝግታ ስለሚለወጥ ነው። በቅሎ በእኩል እርምጃ ስትሄድ የሚቀመጥባት አይናወጥም፤ በድንገት ስትቆም ግን ወደ ፊት ይወረወራል። የሚሰማን የጉዞው መለዋወጥ እንጂ ጉዞው ራሱ አይደለም።

5ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ።

ልጆች ይህን ትምህርት በሰሙ ጊዜ በሚሄድ መኪና ላይ ተንጠልጥለው መዝለልን እንዳይደፍሩ ነገሩ በግልጽ ይነገራቸው። ከመኪና የዘለለ ልጅ የመኪናውን ፍጥነት ይዞ ይወርዳል፤ ምድር ግን ያን ፍጥነት አልተካፈለችም። እግሩ መሬት ነክቶ ሲቆም ደረቱና ራሱ ጉዞውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ በፊቱ ይደፋል። መኪናው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በየሰከንዱ 10 ሜትር ያልፋል ማለት ነው፤ ይህም ከ5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ የሚኖረውን ፍጥነት ያህላል። ከፎቅ ለመዝለል የሚፈራ ልጅ ከሚሮጥ መኪናም ለመዝለል ይፍራ። መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም መውረድ አይገባም።

6ኛ፤ በትምህርት ቤት ስለሚደረገው ፈተና።

አስተማሪው በሜዳ ላይ በኖራ ወይም በዐመድ አንድ ክብ ያስምር። አንድ ልጅ ትንሽ የጨርቅ ኳስ በትከሻው ልክ ይዞ፥ እኩል ሩጫ እየሮጠ ወደ ክቡ ይምጣ፤ ኳሱን ሳይወረውር እንዲያው ጣቱን ከፍቶ ይልቀቀው። ልጁ ልክ በክቡ ላይ ሲደርስ ከለቀቀው ኳሱ ከክቡ አልፎ ይወድቃል። ከ1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ነገር መሬት ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ልጁም በሰከንድ 3 ሜትር ቢሮጥ ኳሱ 1 ሜትር ተኩል ወደ ፊት ይሄዳል። እንግዲህ ክቡን ለመምታት 1 ሜትር ተኩል ሲቀረው መልቀቅ አለበት። ሽማግሌዎችም ተጋብዘው በሜዳው ዳር ቢቀመጡና ቢያዩ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎች እነዚህን ይጠየቁ።

ሀ፤ የሚሮጠው ልጅ ኳሱን በምን መልክ ሲወርድ አየው? በዳር የተቀመጡትስ?

ለ፤ ሁለት መኪናዎች በአንድ አቅጣጫ አንዱ በሰዓት 50፥ ሌላው 40 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፥ አንዱ ከሌላው በሰዓት ስንት ይርቃል? ፊት ለፊት ቢመጡስ በስንት ይቀራረባሉ?

ሐ፤ ዌስሊ ሜይ ሲሻገር አንደኛው አይሮፕላን በድንገት ቢዘገይ ምን ይደርስበት ነበር?

ሁለት ሰዎች አንድን ነገር ለየብቻ አይተው ሲከራከሩ፥ ዐዋቂ ዳኛ አስቀድሞ እያንዳንዱ የቆመበትን ስፍራ ይጠይቃል። በመምህርና በሽማግሌ መካከልም እንዲሁ ቢደረግ፥ ልጁ ዕውቀትንና አክብሮትን በአንድነት ይማራል።