«ያርፋል» የተባለው ሕዋስ

ልጅት፦ እትዬ፣ ዛሬ ላብራቶሪ የሽንኩርት ሥር በማይክሮስኮፕ አየን። መምህሩ «ሲከፈል ታያላችሁ» ብሎን ነበር። እኔ ግን ክሮሞዞም ተለይቶ የታየኝ በጣት በሚቆጠሩ ሕዋሶች ላይ ነው። የቀሩት ክብ ኒውክለሳቸውን ይዘው ዝም ብለዋል። ስላይዱን አበላሽቼው ይሆን?

እትዬ፦ ኧረ ምንም አላበላሸሽም! የሰው ሕዋስ ላብራቶሪ ውስጥ ሲራባ አንዱን ዑደት በ24 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ከዚያ ውስጥ መከፈሉ የሚወስደው 1 ሰዓት ያህል ነው። የሽንኩርቱም እንደዚያው፣ የሚከፈልበት ጊዜ አጭር ነው። ሥሩን ስትቆርጪ ሁሉም ባሉበት ስለሚቀሩ ብዙዎቹን የምታገኚያቸው በረጅሙ ጊዜ ላይ ነው።

ልጅት፦ ታዲያ የቀረውን 23 ሰዓት ያርፋሉ?

እትዬ፦ የድሮዎቹም እንዳንቺ «የእረፍት ጊዜ» ይሉት ነበር፤ የሚታይ ነገር ስለሌለ ሥራ የለም ብለው። ያንን ያፈረሰችው ባቄላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 አልማ ሃዋርድና ስቲቨን ፔልክ እንግሊዝ አገር የባቄላ ሥር ጨረራ አመንጪ ፎስፈረስ እንዲስብ አደረጉ። ሕዋሱ አዲስ ዲኤንኤ ሲሠራ ፎስፈረሱን ይጠቀማል፤ ፎስፈረሱ የገባበት ኒውክለስ ደግሞ በፎቶግራፍ ፊልም ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ታዲያ ዲኤንኤው የሚባዛው ሕዋሱ ሲከፈል ሳይሆን «ያርፋል» በተባለበት ጊዜ፣ ያውም መሃል ላይ ባሉ የተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ልጅት፦ ከመባዛቱ በፊት ጂ 1፣ ሲባዛ ኤስ፣ ከተባዛ በኋላ ጂ 2 የምንለው ከዚያ መጣ?

እትዬ፦ ከዚያው። ለሰው ሕዋስ ጂ 1 ወደ 11 ሰዓት፣ ኤስ 8፣ ጂ 2 ደግሞ 4 ገደማ ነው። በጂ 1 ሕዋሱ ፕሮቲን ይሠራል፣ ሪቦዞምና ሚቶኮንድሪያ ያበዛል፤ ይህ እድገት በኤስም በጂ 2ም አይቋረጥም። ዲኤንኤ ግን የሚባዛው በኤስ ብቻ ነው። ባቄላ 12 ክሮሞዞም አላት። ኤስ ሲያልቅም ያው 12 ነው፤ እያንዳንዱ ግን ከመንትያው ጋር ተጣብቆ ድርብ ሆኗል። ፈተና ላይ ተማሪ ሁሉ 24 እያለ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ልጅት፦ እንደ ሠርግ ነዋ! ድግሱ ወራት ይፈጃል፣ ሠርጉ አንድ ቀን።

እትዬ፦ ይሁንልሽ። ግን ድግስ ቢጎድል ከጎረቤት ትበደሪያለሽ፤ ሕዋስ የጎደለው እንዳለ ለማለፍ ቢሞክር የሚያግደው አለ።

ልጅት፦ ማን ነው የሚያግደው? ማደጉ መብቃቱንስ በምን ያውቃል?

እትዬ፦ ከጠየቅሽኝ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው፤ ዛሬም ያከራክራል። ጥሩ ፍንጭ የሰጠው ተመራማሪው ፖል ነርስ ነው። ያጠናው የእርሾ ዝርያ መጀመሪያ የተገኘው ከምሥራቅ አፍሪካ ከእህል ከሚጠመቅ መጠጥ ነው። በ1970ዎቹ ኤድንበራ ላይ አንድ ጂን የተበላሸባቸው እርሾዎች ገና ግማሽ መጠናቸው ላይ እያሉ ሲከፈሉ አየ። ጂኑ ደህና ሲሆን «ገና ነህ» ብሎ ይይዛቸው ነበር ማለት ነው። የሚይዘው ደግሞ ወደ መከፈል የሚገፋውን ሌላ ፕሮቲን ነው። በ1987 የገፊው ፕሮቲን ጂን የተበላሸበት እርሾ ውስጥ እነ ነርስ የሰው ጂን ቢያስገቡ እርሾው መከፈሉን ቀጠለ! ነርስ በ2001 ከሊላንድ ሃርትዌልና ከቲም ሃንት ጋር ኖቤል ተሸልሟል። እኔን ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ያ እርሾ ነው።

ልጅት፦ ሳያድግ የሚከፈልስ የለም?

እትዬ፦ አለ እንጂ። የእንቁራሪት እንቁላል ከተዳቀለ በኋላ መጀመሪያ ላይ በየ30 ደቂቃው ገደማ ይከፈላል፤ ጂ 1ም ጂ 2ም የለውም ማለት ይቻላል። እድገቱን እናቱ ሆድ ውስጥ ጨርሶ ስለወጣ ሕዋሶቹ በየዙሩ እያነሱ ይሄዳሉ።

ልጅት፦ ዲኤንኤው ተጎድቶ ቢገኝስ?

እትዬ፦ ፒ 53 የሚባል ፕሮቲን ዑደቱን ያስቆማል። ጉዳቱ ከተጠገነ ጉዞው ይቀጥላል፤ ካልተቻለ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ከሰው ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ የዚህ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ስለዚህ ካንሰርን «ቶሎ ቶሎ የሚከፈል ሕዋስ» ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ። የአንጀት ግድግዳ ሕዋስም ቶሎ ቶሎ ይከፈላል፤ እሱ ግን ቁም ሲባል ይቆማል።