ከሻምፒዮንነት ወደ መምህርነት
(ስለ ኢሚ ሊክተንፌልድና ስለ ክራቭ ማጋ አጭር ጥናት)

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ነውና በቅድሚያ ስሙን እንፍታው። ክራቭ ማጋ የዕብራይስጥ ስም ነው። “ክራቭ” ውጊያ፣ “ማጋ” ደግሞ ንክኪ ማለት ሲሆን፣ በአንድነት የእጅ በእጅ ውጊያ ይሆናል። “ክራቭ” ከእኛው “ቀረበ” ጋር በሥር ይዛመዳል፤ ስለዚህ ለጆሯችን እምብዛም ባዕድ አይደለም። ይህ ራስን የመከላከል ስልት ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ልናጠና የፈለግነው ቡጢውን ሳይሆን አስተማሪውን ነው። አንድ ሰው በጣም የሚችለውን ነገር ለማይችል ሰው እንዴት ያስተላልፋል? ጥያቄያችን ይሄ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ/ አስተዳደጉ

ኢሚ ሊክተንፌልድ በ1910 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው ግን በብራቲስላቫ ነው። አባቱ ሳሙኤል የፖሊስ መርማሪ ነበር፤ ለፖሊሶችም ራስን የመከላከል ትምህርት ይሰጥ ነበር። ልጁ በአባቱ እጅ ሠልጥኖ በትግል፣ በቦክስና በጅምናስቲክ ስም አወጣ። በ1928 የስሎቫኪያን የወጣቶች፣ በ1929 ደግሞ የአዋቂዎችን የትግል ሻምፒዮና አሸነፈ።

2ኛ/ መንገድ ዳኛ የለውም

በ1930ዎቹ ፋሺስት ቡድኖች አይሁድ ወደሚኖሩበት ሰፈር እየገቡ ሰው ይደበድቡ ጀመር። ኢሚም ከቦክሰኛና ከታጋይ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰፈሩን ተከላከለ። እዚያ ምን ተማረ? በውድድር ሜዳ ዳኛ አለ፤ የክብደት ምድብ አለ፤ የተከለከለ ምት አለ። መንገድ ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም። ሦስት ሆነው ሊመጡ፣ ዱላም ሊይዙ ይችላሉ። ለሜዳሊያ የተለማመዱት ሁሉ ሕይወት አያድንም።

በ1940 ፔንቾ በምትባል መርከብ አገሩን ለቆ ወጣ። ከብዙ መከራ በኋላ በእንግሊዝ ሥር በነበረ የቼኮዝሎቫኪያ ጦር ውስጥ አገልግሎ በ1942 ፍልስጤም ደረሰ። በዚያም ሃጋና የተባለውን የአይሁድ የኅቡዕ ጦር ያሠለጥን ጀመር። በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲቋቋም የሠራዊቱ የሰውነት ማጎልመሻና የክራቭ ማጋ ዋና አሠልጣኝ ሆነ።

3ኛ/ የማስተማር ዘዴው

ለእኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሻምፒዮን ለመሆን ዓመታት ይፈጃል። ምልምል ወታደር ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም፤ ሁሉም ደግሞ ጡንቻው የፈረጠመ አይደለም። ታዲያ ኢሚ ተማሪው እሱን እስኪያክል አልጠበቀም፤ ተማሪው ቀድሞ ካለው ነገር ተነሣ።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ ሰው ከፊት ለፊት አንገታችንን ቢያንቀን፣ ሳናስበው እጃችን ወዴት ይሄዳል? ወደ አንገታችን! ይህን ማንም አላስተማረንም። ክራቭ ማጋም ይህን የተፈጥሮ እንቅስቃሴ አያጠፋውም፤ መንገድ ያሳየዋል እንጂ። ጣቶች እንደ መንጠቆ ታጥፈው የአናቂውን እጆች በአውራ ጣት በኩል ይዘው ይመነጭቃሉ፤ የጭብጥ ደካማ ጎኑ አውራ ጣት ነውና። በዚያው ቅጽበት እግር ይማታል። መከላከሉና ማጥቃቱ ተራ በተራ ሳይሆን ባንዴ ነው። ከዚያስ? ቦታውን ለቆ መሄድ ነው!

በማስተማር ዘዴ ትምህርታችን “ከሚታወቀው ወደማይታወቀው” የምንለው ይሄው እኮ ነው።

4ኛ/ አስተማሪዎችን ማስተማር

ኢሚ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ ዘዴውን ለሲቪሉ፣ ለወንዱም ለሴቱም እንዲሆን አስተካከለው። ወታደር ጠላቱን ድል ማድረግ ይፈልጋል፤ ሲቪል ግን የሚፈልገው በሰላም ቤቱ መግባት ነው። ዓላማው ሲለወጥ ትምህርቱም ተለወጠ።

በ1971 በትምህርት ሚኒስቴር አመራር በዊንጌት ተቋም የመጀመሪያው የሲቪል አሠልጣኞች ኮርስ ተሰጠ። (ተቋሙ የተሰየመው በ1941 ከአርበኞቻችን ጋር ፋሺስት ኢጣሊያን በተዋጋው፣ አዲስ አበባም ትምህርት ቤት በተሰየመለት በዊንጌት ነው።) ይህ ኮርስ ለእኛ ከሜዳሊያዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ሜዳሊያ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ የሠለጠነ አስተማሪ ግን ሌላውን ያፈራል። ኢሚ በ1998 በናታንያ ከተማ በ87 ዓመቱ ሲያርፍ ተማሪዎቹ በየአገሩ ያስተምሩ ነበር።

5ኛ/ ማጠቃለያ

ነገ ክፍል ስንገባ እጃቸውን ቀድመው የሚያወጡ ሁለት ሦስት ጎበዞች አይጠፉም። በእነሱ ብቻ ደስ ብሎን ብንወጣ ሻምፒዮን አየን እንጂ ክፍል አላስተማርንም። የትምህርት መለኪያው ከኋላ የተቀመጠው፣ ፈሪውና ደካማው ልጅ ምን ይዞ ወጣ የሚለው ነው። ሌላም አለ፤ ኃይልን የሚያስተምር ሰው መቼ ማቆም እንደሚገባም አብሮ ካላስተማረ ጉልበተኛ ያፈራል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ/ በምናስተምረው የትምህርት ዓይነት ተማሪው ሳይማር ይዞት የሚመጣው ዕውቀት ምንድን ነው?
ለ/ ያንን ዕውቀት ሳናጠፋ እንዴት መንገድ እናሳየዋለን?