ከጣሪያ ታንከር እስከ ሻወር፦ የቧንቧ መጠን እንዴት ይወሰናል?

እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወራሽ የሆነው የሕንፃ ኮሌጅ የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ ልደታ ነው። በዚሁ አካባቢ በርካታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። በእንዲህ ዓይነት ሕንፃዎች አንድ እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር ያጋጥማል። በምድር ቤት የሚኖረው ሰው ሻወር ሲከፍት ውሃው በኃይል ይወርዳል፤ ለጣሪያው ታንከር ከሁሉም የሚቀርበው የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ግን ቀጭን ጅረት ብቻ ያገኛል። ለሙያ ብቃት ምዘና የሚዘጋጁም ሆኑ የፊዚክስ ተማሪዎች የዚህን ምክንያት ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን።

እንደሚታወቀው የረጋ ውሃ ግፊት የሚወሰነው በከፍታው እንጂ በብዛቱ አይደለም። እያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 9.8 ኪሎ ፓስካል ይሰጣል። ምድር ቤትና አራት ፎቅ ያለው፣ የእያንዳንዱ ፎቅ ቁመት 3 ሜትር የሆነ ሕንፃ እንውሰድ። የታንከሩ ወለል ከጣሪያው በላይ 1 ሜትር፣ የሻወሩ ራስ ደግሞ ከፎቁ ወለል በላይ 2 ሜትር ይሁን። የምናሰላው ታንከሩ ሊያልቅ ሲል ባለው ከፍታ ነው። ስለዚህ ለላይኛው ፎቅ የሚደርሰው 2 ሜትር ወይም 20 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለምድር ቤቱ 14 ሜትር ወይም 137 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። የሻወሩ ራስ በሰከንድ 0.2 ሊትር ለመስጠት 1 ሜትር ቢፈልግ፣ ላይኛው ፎቅ በቧንቧው ውስጥ በሰበቃ ሊያባክን የሚችለው ቀሪውን 1 ሜትር ብቻ ይሆናል።

ይህን ብክነት በሄዘንና ዊሊያምስ ስም በሚጠራው ቀመር እናገኘዋለን። ብክነቱ በፍሰቱ 1.85ኛ ርቢ ያድጋል፤ በውስጥ ዲያሜትሩ 4.87ኛ ርቢ ደግሞ ይቀንሳል። የቧንቧው ርዝመት፣ መታጠፊያዎቹና ቫልቮቹ በእኩያ ርዝመት ተቆጥረው፣ 10 ሜትር ይሁን፤ ለፕላስቲክ ቧንቧ የልስላሴ ቁጥሩን 140 እንውሰድ። የውስጥ ዲያሜትሩ 15 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብክነቱ 1.2 ሜትር ይሆናል። 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ወደ 0.3 ሜትር ይወርዳል። በአምስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ብክነቱ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ላይኛው ፎቅ 20 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ለምድር ቤቱ ግን ቧንቧው በ12 ሜትር ቢረዝምም 15 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተፈታኞች የሚሰናከሉበትን ነጥብ እንጠቁም። በ15 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 1.1 ሜትር ነው፤ በተለምዶ ከሚፈቀደው 2 ሜትር በታች ነው። ፍጥነትን ብቻ የመረመረ ተማሪ ቧንቧው ይበቃል ብሎ ይደመድማል። ቀሪውን ግፊት የመረመረ ግን እንደማይበቃ ያያል።

ብዙ ሻወሮችን ለሚመግብ ዋና ቧንቧስ? አሜሪካዊው ሮይ ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1940 ጥያቄውን በይሁንታ ሒሳብ መለሰው። እያንዳንዱ ሻወር ከአሥር ደቂቃ አንዱን ብቻ ክፍት ቢሆን፣ ከአሥር ሻወሮች በአንድ ጊዜ ቢበዛ ሦስቱ ብቻ ክፍት የመሆናቸው ዕድል 98.7 በመቶ ነው። ስለዚህ ለአሥሩም ማስላት ብክነት ነው። ሆኖም ስሌቱ ነዋሪዎቹ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ ቧንቧ ይከፍታሉ የሚል ግምት አለው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ውሃው መጣ ሲባል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀሪካንና ባልዲ ይደቅናል፤ ግምቱም ይፈርሳል። በውጭ አገር የተዘጋጀን ሠንጠረዥ ስንጠቀም ከበስተጀርባው ያለውን ግምት መጠየቅ የሚገባን ስለዚህ ነው።

የፓምፕም ነገር እንዲሁ ነው። ፓምፕ ከበታቹ ካለ ጉድጓድ ውሃ ሲስብ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ይህ ግፊት 10.3 ሜትር ውሃ ይሸከማል። 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ጣሪያ 7.8 ሜትር ነው። ሰበቃውና የፓምፑ የራሱ ፍላጎት ሲቀነሱ በተግባር የሚገኘው ከዚህም ያንሳል። የመጽሐፉን 10 ሜትር አምኖ ፓምፑን ከውሃው 8 ሜትር ከፍ አድርጎ የተከለ ሰው አንዲት ጠብታ አያገኝም።

በመጨረሻ አንድ መልመጃ እንተው። ቧንቧውን በማስፋት ፋንታ የታንከሩን ማቆሚያ በ1 ሜትር ብናሳድግስ? ለሰበቃ የሚተርፈው 2 ሜትር ይሆናል፤ በ11 ሜትር ርዝመት የ15 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ ብክነት ደግሞ 1.3 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ይበቃል። ነገር ግን 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ይመዝናል፤ ከፍ ባለው ማቆሚያ ላይ የሚያርፈው ይህ ሸክም ነው። ከሁለቱ መፍትሔዎች የትኛው እንደሚሻል አንባቢ በራሱ ሕንፃ ልክ አስልቶ ይወስን።