የጌጥ ዝንጅብልን በጥላ ስለ ማሳደግ

የጌጥ ዝንጅብል የምንለው ለቅመም ሳይሆን ለአበባውና ለቅጠሉ ውበት የሚተከለውን የዝንጅብል ዘመድ ነው። ወገኑ ሰፊ ነው፤ ከ1,500 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። እርድ፣ ኮረሪማና ሄልም የዚሁ ወገን ናቸው። ኮረሪማ በከፋ ደን ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል፤ ብዙዎቹ ዘመዶቹም በየአገራቸው እንዲሁ በዛፍ ጥላ ይኖራሉ። ለግቢ ጥላና ለቤት ውስጥ የሚስማሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር በትክክል እንረዳ። ከአፈር በታች ያለውን ወፍራም አካል ብዙ ሰው ሥር ይለዋል። ሥር ማለት ከአፈር ውኃና ማዕድን የሚስብ የተክል ክፍል ነው። ግንድ ማለት ደግሞ ዓይን ያለው፣ ከዓይኑም ቅጠልና አበባ የሚያበቅል ክፍል ነው። ይህ ወፍራም አካል ዓይን አለው፤ ስለዚህ በአግድም የተኛ ግንድ ነው። እውነተኞቹ ሥሮች ከእርሱ ወደ ታች የሚወርዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ከመሬት በላይ አገዳ መስሎ የቆመውም በአብዛኛው እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል ሰገባ ነው፤ እንሰትም የሚቆመው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ከለየን አተካከሉ ግልጽ ይሆንልናል። ግንድ ነውና ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ አልብሱት። በአግድም ስለሚሄድ ከጥልቅ ማሰሮ ይልቅ ሰፊውን ይወዳል። ውኃ በተኛበት አፈር ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ አፈሩም በበሰለ ብስባሽ የላላ ይሁን።

አቆራረጡም ከዚሁ እውቀት ይመነጫል። ሄዲኪየም የተባለው ዓይነት አበባውን በአገዳው ጫፍ ያወጣል። አንዱ አገዳ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያብብ፣ አበባው ሲረግፍ ከአፈሩ አጠገብ ይቆረጣል። አልፒኒያ ዜሩምበት የተባለው ዓይነት ግን የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገ አገዳ ላይ ነው፤ ግቢውን ለማጽዳት ብሎ አረንጓዴውን አገዳ የቆረጠ ሰው የመጪውን ዓመት አበባ አብሮ ያጣል።

ግንዱን ካወቅን ወደ ብርሃኑ እንለፍ። ጥላ ማለት ፀሐይ በቀጥታ የማትመታው፣ ብርሃን ግን የሚደርሰው ስፍራ ነው፤ ብርሃን የማይደርሰው ጨለማ ይባላል። ሁለቱን ለመለየት በቀትር እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉ። ዳርቻው የደበዘዘ የእጅ ጥላ ካያችሁ ስፍራው ተስማሚ ነው፤ ምንም ጥላ ካልወደቀ ጨለማ ነው፣ አገዳውም ቀጥኖ ይወድቃል። ቅጠሉ ዝቅ ብሎ የሚዘረጋው፣ ኬምፌሪያ የተባለው ዓይነት ጥላን ከሌሎቹ ይልቅ ይችላል። ለሳሎን በአንድ ዓይነት ብቻ ጀምር ብባል እርሱን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ እንቅልፍን ከሞት እንለይ። እንቅልፍ ማለት ተክሉ ቅጠሉን ጥሎ በምድር ውስጥ ግንዱ ብቻ የሚቆይበት ወቅት ነው። ኬምፌሪያና ከታይላንድ አካባቢ የመጣችው ኩርኩማ አሊስማቲፎሊያ በትውልድ አገራቸው ደረቁን ወራት የሚያልፉት እንዲህ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙዎች የተጠማ መስሏቸው ውኃ ይጨምራሉ፤ የተኛው ግንድ ግን ውኃውን ሊጠቀምበት ስለማይችል ይበሰብሳል። ውኃውን ቀንሱ፣ ቅጠሉ ሲደርቅም አቁሙ። ከተጠራጠራችሁ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ግንዱን በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ለስልሶ ከሸተተ በስብሷል። ጠንካራውን መልሳችሁ አልብሱትና ሙቀት ባለበት ስፍራ አቆዩት። አዲስ ቡቃያ ብቅ ሲል በጥቂቱ ማጠጣት ጀምሩ፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ ውኃውን ጨምሩለት።